ስድስት ክራር በክረምት፦ ከቆዳ እስከ ቅኝት

ሰኔ፣ የመጨረሻው ሳምንት። ያለንን ማየት

ለክረምቱ ክፍል ስድስት ክራር አለኝ። ተማሪዎቹ ዘጠኝ ናቸው፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት። አንድ አባት ደግሞ "መምህር፣ እኔም ከልጄ ጋር ብቀመጥ ቅር ይልዎታል?" ብለው ጠይቀዋል። ይቀመጡ። ጆሮ ዕድሜ አይጠይቅም።

ክራሮቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁለቱ የዋንዛ ገበቴ (ቆዳው የሚወጠርበት ጎድጓዳ አካል) ያላቸው ናቸው፣ ደህና ናቸው። ሦስቱ በብረት ሳህን ላይ የተሠሩ። ድምፃቸው ትንሽ ይጮኻል፤ ግን ሳህኑን እርጥበት አይነካውም፣ ልጅ ቢጥለውም አይሰነጠቅም። ስድስተኛው ከስጦታ ዕቃ ሱቅ የመጣ የግድግዳ ክራር ነው። ቀለሙ ያምራል። መቃኛዎቹ ግን ቀንበሩ (ክሮቹ የሚታሰሩበት የላይኛው አግድም እንጨት) ላይ በኮላ ተጣብቀዋል፣ አይዞሩም። የሠራው ሰው አንድ ቀን ይደረደራል ብሎ አላሰበም።

አዲስ ልግዛ ብዬ ዋጋ ጠየቅሁ። ለጀማሪ የሚሆን ደህና ክራር 4,500 ብር ነው አሉኝ። ሦስት ለመጨመር 13,500 ብር። ወደ ጥገናው ተመለስኩ።

የግድግዳውን ክራር መቃኛዎች በሴጌቶ ቆረጥኳቸው። ቀንበሩን በስቼ የእንጨት መቃኛ ላስገባ ነበር፤ ጫፉ ላይ ለሙከራ ስበሳው ተሰነጠቀ። እንጨቱ ለስላሳ ነው። ስለዚህ ወደ ድሮው ዘዴ ሄድኩ። አሮጌ ጨርቅ በቀጭኑ ቀድጄ ቀንበሩ ላይ ጠመጠምኩ፤ ክሩንም ከጨርቁ ጋር አብሬ ጠቀለልኩ። ለመቃኘት ጥቅሉን ራሱን በእጅ ማዞር ነው። ኃይል ይጠይቃል፣ አንዴ ከያዘ ግን አይለቅም።

የሌሎቹ መቃኛ ይንሸራተታል። ጠመኔ ቀባሁ። አንዱ ደግሞ ተነክሶ አልዞር አለኝ፣ ደረቅ ሳሙና ቀባሁት። ጠመኔው እንዲይዝ፣ ሳሙናው እንዲዞር። ሁለቱም ከእንግዲህ ከፒንሳው ጋር በአንድ ቦርሳ ይቀመጣሉ።

ሐምሌ፣ አንደኛ ሳምንት። ክር

ክራር ጥንት ጅማት ነበር የሚታሰርለት። አሁን ባንድ ውስጥ የሚጫወቱት የጊታር ብረት ክር ያስራሉ። ለልጅ የሚሆነው የቱ ነው? አንዱ ሳህን ክራር ላይ ብረቱን ሞከርኩ፤ ክሩን በ650 ብር ገዛሁ። ድምፁ ግሩም ነው። በማግስቱ ግን በርኩማው (ቆዳው ላይ ቆሞ ክሮቹን የሚሸከመው ድልድይ) ቆዳውን ይዞት ወርዷል፣ ቀንበሩም መሃሉ ላይ ጎበጥ ብሏል። ብረት ክር ጠንካራ ምሰሶ (ቀንበሩን የሚሸከሙት ሁለቱ ቋሚ እንጨቶች) እና ወፍራም ቆዳ ይፈልጋል። የልጅ ጣትም አይችለውም። ፈታሁት፤ ክሩ ለትልልቆቹ ይቀመጥ።

ከመርካቶ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን አመጣሁ። ጥቅሉ 200 ብር ነው። በመጀመሪያ ሁሉንም ክር በ0.7 ሚሊ ብቻ አሰርኩ፣ አንድ ጥቅል ገዝቶ መገላገል ነበር ሐሳቡ። አልሆነም። የታችኛው ዶ (የቅኝቱ መነሻ ድምፅ) ላልቶ ሲመታ ከጎረቤቱ ክር ጋር ይጋጫል፤ የላይኛው ዶ ደግሞ ጣት ሊቆርጥ ይደርሳል። ነገሩ ሒሳብ ነው፦ ርዝመቱና ውፍረቱ አንድ ከሆነ፣ አንድ ኦክታቭ (ከታችኛው ዶ እስከ ላይኛው ዶ ያለው ርቀት) ከፍ ለማለት ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ውፍረት መለዋወጥ ግድ ነው። 0.6፣ 0.8 እና 0.9 ጨመርኩ። ከበርኩማ እስከ ቀንበር 45 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ክራር ይህ በቂ ነው፤ ወፍራሙ ለታችኛው ዶ፣ ቀጭኑ ለላይኛው። ለአራት ጥቅል 800 ብር ወጣ፤ ለስድስቱም ክራር ታስሮ ይተርፋል።

ናይለን ቋጠሮ አይወድም፣ ያመልጣል። ሁለቴ ቋጥሬ ጫፉን በክብሪት ነካ አደረግሁት። ቀልጦ እንደ ዶቃ ያብጣል፣ ከዚያ በኋላ በቋጠሮው አያልፍም። ልጅ ግን ክብሪቱን አይያዝ፤ የቀለጠ ናይለን ቆዳ ላይ ሲጣበቅ ክፉ ነው።

አዲስ ናይለን ይለጠጣል። ዛሬ ቃኝተኸው ታድራለህ፣ ጠዋት ግማሽ ድምፅ (ፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለውን ርቀት) ወርዶ ታገኘዋለህ። መፍትሔው መጎተት፣ መቃኘት፣ እንደገና መጎተት ነው። ከትምህርቱ በፊት ጥቂት ቀን ያስፈልገዋል።

ሐምሌ፣ ሁለተኛ ሳምንት። ቆዳ

ዝናቡ ጠንክሯል። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል። ሲጠጣ ይላላል፤ ሲላላ በርኩማው ይሰምጣል፤ በርኩማው ሲሰምጥ ስድስቱም ክር ይወርዳሉ፣ ድምፁም ይደፈናል። ጠዋት የተቃኘ ክራር ከሰዓት ለማሳያ እንኳ አይሆንም። መስከረም ላይ ብናስተምር ይህ ሁሉ ጣጣ ባልኖረ። ግን ልጆቹ ጊዜ ያላቸው በክረምት ነው፣ ምን ይደረጋል።

መጀመሪያ ከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ብዙ ደርዳሪ የሚያደርገው ነው፣ ለአጭር ጊዜም ይሠራል። ችግሩ ሙቀቱ በአንድ ጎን ብቻ መሆኑ ነው። አንዱ ክራር ወደ እሳቱ በዞረበት በኩል ቆዳው ቶሎ ደርቆ ተሰበሰበ፤ ጠፍሩ የገባበት ቀዳዳ ተቀደደ።

ቀጥሎ አሮጌ ቁም ሣጥን ተገኘ። ከታች አምፖል አንጠለጠልኩ፣ ክራሮቹን ከላይ ሰቀልኩ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩት። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይረባም፣ ሙቀቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የድሮው ባለ 60 ዋት ነው የሚፈለገው፤ እሱን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ጨርቅም ወረቀትም ወደ አምፖሉ እንዳይጠጋ ከታች የሽቦ ወንፊት አለበስኩት። ይህ ዘዴ ከሁሉም የተሻለ ነው። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ማለቴ ነው።

ለተቀደደው ክራር ከአንድ ከበሮ ሠሪ የተፋቀ የፍየል ቆዳ በ300 ብር ገዛሁ። ውሃ ውስጥ አድሮ ሲለሰልስ ሳህኑ ላይ ወጠርኩት፣ ዙሪያውን በስቼ በጠፍር ጠለፍኩት። እርጥብ ቆዳ ከልክ በላይ አይወጠርም፤ ሲደርቅ ራሱ ይሰበሰባል። አምፖሉም ዘንድ ወዲያው አይገባም፤ መጀመሪያ ጥላ ላይ ይጠንፍፍ። በክረምት ይህ ቀናት ይፈጃል፣ ይሸታልም። የድምፅ ቀዳዳዎቹን ከደረቀ በኋላ በጋለ ምስማር በሳሁ። በምላጭ የተበሳ ቀዳዳ ጠርዙ ይቀደዳል፣ በእሳት የተበሳው ግን ጠርዙ ይጠነክራል።

በርኩማዎቹንም ቀየርኩ። የነበሩት 1.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ነበራቸው። ቆዳው ትንሽ ሲሰምጥ ክሩ በርኩማውን መጫኑን ያቆማል፣ ያን ጊዜ ነው የሚንዘረዘረው። ከቀርከሃ 2 ሳንቲ ሜትር አድርጌ ቆረጥኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ የክሩን ማረፊያ በሴጌቶ ጫርኩ። ጭረቱ ጥልቅ ከሆነ ክሩ ይታፈናል። ክሩ ግማሽ አካሉ ከላይ መታየት አለበት።

ሐምሌ፣ ሦስተኛ ሳምንት። የመጀመሪያው ክፍል፣ መቃኘት

ሁልጊዜ እንደሚደረገው አስተማሪ ሁሉንም ክራር ቃኝቶ ለልጆች ማደል አለ። በክረምት ይህ አይሠራም። ስድስተኛውን ስጨርስ አንደኛው ወርዷል። ስለዚህ ዘንድሮ የመጀመሪያው ትምህርት ዘፈን ሳይሆን ቅኝት ይሁን አልኩ።

ትልልቆቹ ስልክ ላይ ቲውነር አፕ ጭነው መጡ። አንድ ልጅ ብቻውን ቤት ውስጥ ቢሆን ይጠቅመዋል። ስድስት ክራር በሚንጫጫበት ክፍል ግን አፑ የጎረቤትን ክር ነው የሚያነበው። አንዱ ልጅ የጓደኛውን ሶል እያየ የራሱን ዶ ሲያጠብቅ፣ ሲያጠብቅ ክሩ ተበጠሰ። ስልኮቹ ወደ ቦርሳ ገቡ።

በጆሮ እንዲህ አደረግን። ዶ የምንለው መነሻውን ነው። ልጁ መጀመሪያ በራሱ አፍ "ዶ" ይላል፣ ከዚያ ክሩን ወደ ድምፁ ያመጣል። ስድስተኛዋን ክር በኦክታቭ ያገጥማል። ከዶ ወደ ላይ ሶልን (ይህ እርምጃ አምስተኛ ይባላል)፣ ከሶል ወደ ታች ሬን (ይህ ደግሞ አራተኛ)፣ ከሬ ወደ ላይ ላን፣ ከላ ወደ ታች ሚን። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ሞላ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። እያንዳንዱ ድምፅ ከቀደመው ይወለዳል፣ በመሃል የሚገመት ነገር የለም።

ሁለት ክር ሊገጥሙ ሲቀርቡ ድምፁ ይወዛወዛል። ሲቃረቡ ውዝዋዜው ይዘገያል፣ ሲገጥሙ ይጠፋል። ችግሩ የክራር ድምፅ ቶሎ ይሞታል፤ ለመስማት ጊዜ አይሰጥም። ጆሮን ገበቴው ላይ ለጥፎ በቀስታ መምታት ረዳ። ትንሿ ልጅ ጆሮዋን አስጠግታ ቆየችና "ቲቸር፣ ዋው ዋው ይላል" አለች። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ስሙን ዋው ዋው አልኩት፤ ሁሉም ገባቸው።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። በጆሮ በደንብ የተቃኘ ክራር በአፕ ሲለካ ሚ ላይ ሁልጊዜ ከፍ ይላል፣ ወደ 8 ሴንት። ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው። የልጆቹ ጆሮ አልተሳሳተም። አፑ የሚለካው ኦክታቭን አሥራ ሁለት እኩል ቦታ በሚቆርጠው በፒያኖ ክፍፍል ነው፤ በንጹሕ አምስተኛና አራተኛ ተራምዶ የመጣ ሚ ግን ከፒያኖው ሚ በዚያው መጠን ይበልጣል። ለትልልቆቹ ነገርኳቸው። አንዱ "ታዲያ ትክክሉ የቱ ነው?" አለኝ። ብቻህን ስትዘፍን ጆሮህ ያመጣው፣ ከኪቦርድ ጋር ስትጫወት ኪቦርዱ ያለው፣ አልኩት።

ሁሉም በየድምፁ ሲቃኝ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ስድስት ክራር፣ ስድስት ዶ። ክራር ደርዳሪ ለብቻው ሲዘፍን በድምፁ ልክ መቃኘቱ ወግ ነው። በቡድን ግን አይሆንም። ስምምነቱ፦ ሰኞ የየራስ ዶ፣ ረቡዕ የጋራ ዶ። ከአንዱ ወደ ሌላው መቃኘቱ ራሱ ልምምድ ሆነ።

አባትየው በትሕትና "መምህር፣ ዘፈኑ መቼ ነው?" አሉኝ። ክራሩን ተቀብዬ አንድ መቃኛ አላላሁና መለስኩላቸው። "ይህን ሲመልሱት።" እየሳቁ ተቀበሉኝ። ላብ በላብ ሆነው መለሱት።

ሐምሌ መጨረሻ። ግራ እጅ

ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር በአንድ ጊዜ ይገርፋል። ዜማውን የሚያወጣው ግራ እጅ ነው። ጣቶቹ ከኋላ ክሮቹን አፍነው ይይዛሉ፤ የምትነሳው ጣት ናት የምትዘፍነው። ክሩ ስድስት፣ ጣቱ አምስት ነውና አንዷ ጣት ሁለት ክር ትጠብቃለች። ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ነው። ሁሉም ሰው ድምፅ ለማውጣት መጫን ለምዷል፤ እዚህ ድምፅ የሚወጣው ሲለቁ ነው።

መልመጃው ቀላል ነው። ሁሉንም አፍኖ መግረፍ፤ ጭ፣ ጭ፣ ጭ ብቻ ይሰማ። አንድም ክር ካመለጠ ጣቱ ቦታውን አልያዘም። ከዚያ አንድ ጣት ማንሳትና መመለስ። አሰልቺ ነው። ትንንሾቹ ወደዱት፣ ምክንያቱም ከበሮ የመሰለ ነገር ሆነላቸው፤ ትልልቆቹ ናቸው ያዛጉት።

መምቻ፦ የጊታር ፒክ ሞከርን። ይነክሳል፣ ናይለኑንም ይልጠዋል። ከአሮጌ ቀበቶ በምላጭ የተቆረጠ ቆዳ ይሻላል፣ ዋጋም የለውም። የቀበቶው ውፍረት ከበዛ ግን ምቱ ይደነዝዛል፤ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ማሳሳት ያስፈልጋል።

አንዷ ልጅ ግራኝ ናት። በቀኝ እንድትገርፍ አልፈለግሁም፣ እሷም እጇ አልታዘዝ ብሏታል። ክራሩን ማዞር ቀላል ይመስላል፤ ሲዞር ግን የክሩ ተራ ይገለበጣል። ክሮቹን በሙሉ ፈትቼ በተቃራኒው አሰርኩ። ያን ጊዜ የ0.9ኙ ክር ለ0.6 የተጫረ ማረፊያ ላይ አልቀመጥ አለ። ስለዚህ አዲስ በርኩማ። ክራሩ አሁን የእሷ ብቻ ሆኗል፣ ሌላው ሲያነሳው ግራ ይጋባል። ይህን ወዳዋለች።

አርብ የአስናቀች ወርቁን ቀረጻ አሰማኋቸው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ዘፋኟና ክራር ደርዳሪዋ አንድ ሰው መሆኗን አላወቁም ነበር። "እየዘፈነች ነው የምትመታው?" አለች ግራኟ። አዎ። በሚቀጥለው ሳምንት እየገረፉ መቁጠር፣ ከዚያ እየገረፉ ማዜም እንጀምራለን።

ነሐሴ፣ አንደኛ ሳምንት። ፍልሰታ

ክፍሉ ሳሳ። ልጆቹ ይጾማሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ከሰዓት ሲመጡ ይደክማቸዋል። አንዲት እናት መጥተው "በጾም ዘፈን የለም፤ ክራርስ ለዓለም ነው፣ በገና ብታስተምሯቸው አይሻልም?" አሉኝ። በገና ሌላ ዓለም ነው፤ አሥር አውታር፣ ሌላ አያያዝ፣ ሌላ መዝሙር፣ ሌላ መምህርም ይፈልጋል። እስከ ፍልሰታ ፍቺ ዘፈን አንነካም፣ ቅኝት ብቻ እንሠራለን ብዬ ተስማማን። ለእኔም አልከፋኝም።

ሥራው ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር መሻገር ነበር። ሁለት ክር ብቻ ነው የሚነካው፦ ሚ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል፣ ላም እንዲሁ። ኦክታቭና ሶል አይነኩም። ልጆቹ መልሰው መላልሰው አደረጉት።

ከዚያ ደስ የሚለው መጣ። ትዝታ ሜጀር ላይ ሳለን መቃኛ ሳንነካ መነሻችንን ላ ላይ ብናደርግ ባቲ ማይነር የሚባለው ሌላ ቅኝት ይሆናል። ትዝታ ማይነር ተቃኝቶ ከሶል ብንነሳ ደግሞ የአምባሰል ቅኝት ድምፆች ናቸው። ክሩ ያው ነው፣ ቤት የሆነው ድምፅ ብቻ ተቀየረ። በወረቀት ስጽፈው ፊታቸው ምንም አላለም። በክራር ላይ ደጋግሜ ላን እየረገጥኩ ስመታው ነው አንዱ "አሃ" ያለው። ክሩ አንድ ሆኖ ስሜቱ ለምን እንደሚለወጥ በቃል ማስረዳት አልሞከርኩም።

አንቺ ሆዬ የሚባለውን ቅኝት ለጊዜው ተውኩት። ዶ፣ ከእሱ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው፣ ፋ፣ ከፋ ግማሽ ከፍ ያለው፣ ከዚያ ላ። በአምስተኛ መራመድ አያደርስም፤ ዜማውን አስቀድሞ በጆሮ የጠገበ ልጅ ይፈልጋል።

ነሐሴ፣ ሁለተኛ ሳምንት። ቡሄ

ልጆቹ በራሳቸው ተነስተው ለቡሄ ጭፈራ ክራር ይዘን እንውጣ አሉ። ጭፈራው ለጀማሪ የተሠራ ይመስላል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ዜማው ጠባብ ነው። ዱላው መሬት ላይ ሲመታ ምቱን ይዞላቸዋል፤ እነሱ መግረፍ ብቻ ነው። ጾም ነው ላልኩት፣ እናትየው ራሳቸው "ቡሄማ የደብረ ታቦር ነው" አሉ።

ዝናብ እንደሚጥል የታወቀ ነው። ገበቴዎቹን በፌስታል ጠቀለልን፣ በላስቲክ አሰርን፣ ለመምቻው በኩል ክፍት ተውን። ፌስታል የተጠቀለለ ቆዳ ይንኮሻኮሻል፣ ድምፁንም ያፍናል። ግን ሳይጠቀለል ከሄደ ሁለተኛ በር ሳይደርስ ያበቃለታል።

ውጤቱ፦ የዋንዛዎቹ ሁለት በመሃል ወረዱ፣ ልጆቹ ቆመው በጎዳና ላይ መለሷቸው። ማንም እኔን አልጠራም። የሳህኖቹ ሁለቱ ቆዩ፤ አዲስ ቆዳ የለበሰው ግን ገና ስላልጸና ጭራሽ ተኛ። እስከ መጨረሻው ቅኝቱን የያዘው የግድግዳው ክራር ነው፣ በጨርቅ የተጠቀለለው። ቆዳው ቀለም የተቀባ በመሆኑ እርጥበት አልገባውም ብዬ እገምታለሁ። ድምፁ ያው ደካማ ነው፣ አልወረደም ብቻ።

ሙልሙልና ብር ተሰብስቧል። ለክር መዋጮ አውጡ ስል ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ።

ነሐሴ መጨረሻ። የቀረ ሥራ

እስካሁን የወጣው፦ ናይለን 800፣ ቆዳ 300፣ የብረት ክር 650፣ የቀርከሃውና የአምፖሉ ጥቃቅን 200 ገደማ። በአጠቃላይ 2,000 ብር አልደረሰም፣ ከአንድ አዲስ ክራር ግማሽ በታች። ጉልበቴን ሳልቆጥር ነው።

ከዘጠኙ ስድስቱ ክራራቸውን ከዜሮ ተነስተው ይቃኛሉ። ሁለቱ ኦክታቭና ሶልን ያገኛሉ፣ ሚ ላይ ይጠፋሉ። አንዱ ገና ነው፤ እሱ ግን ከሁሉም የተሻለ ይገርፋል። ለእሱ መንገዱን ልገለብጠው አስቤያለሁ፤ ዜማ ያስቀድምና በኋላ ሚ ሲወርድበት ራሱ ይናደድ።

አባትየው ሳህን ገዝተው መጡ፤ የራሳቸውን ሊሠሩ ነው። ምሰሶዎቹን ከባሕር ዛፍ አዘጋጅተዋል፣ አጭር ናቸው። በዚያ ርዝመት የታችኛው ዶ በ0.9 ናይለን ይላላል፣ 1.0 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ወይ ምሰሶው ይቀየር አልኳቸው። ክሩን መረጡ። ስለዚህ መርካቶ እንደገና፣ የእንቁጣጣሽ ገበያ ሳይደራ።